ወንዝ ዳር ያለውን «ነፃ» መሬት ከመፈረምህ በፊት

ድሬዳዋ ውስጥ ለሚሠራው አዲስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቦታ መራጭ ኮሚቴ ውስጥ እንዳለህ ጽፈሃል። ሦስት ቦታ ቀርቦላችኋል፦ አሸዋ ወንዙ ደቻቱ ዳር ሰፊ ሜዳ፣ መሃል ሰፈር ጠባብ ቦታ፣ ከፍ ብሎ ድንጋያማ መሬት። ሜዳው ካሳ አይጠይቅም ስለተባለ ብዙው ሰው እሱን ይላል። እንደ ድሬ ልጅ «አንተ» እልሃለሁ፣ ቅር እንዳይልህ።

1. ሜዳውን በጥር አይተህ አትፍረድ። በጥር አሸዋው ደርቆ ባጃጅ ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ያምራል። የድሬ ጎርፍ ግን ከድሬ ሰማይ አይመጣም፤ ከላይ ደንገጎ ተራራ በኩል ዘንቦ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ይደርሳል። በ1998 ክረምት ደቻቱ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነው። ስለዚህ ከመሐንዲሱ በፊት ዳር ላይ የኖሩትን እናቶች «ውሃው እስከ የት ደረሰ?» በላቸው። ግድግዳ ላይ የቀረውን የደለል መስመርና ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለውን ፌስታል ከፍታ በሜትር ለካ፣ ፎቶ አንሳ። ቀያሹ ደግሞ ሜዳው ከወንዙ ወለል ምን ያህል ከፍ እንደሚል በሌቭል (በከፍታ መለኪያ መሣሪያው) ይለካ። «ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ የድንጋይ ግድብ) ይሠራለታል» ካሉህ በየትኛው በጀት እንደተያዘ ጠይቅ። አብዛኛውን ጊዜ በማንም በጀት አልተያዘም።

2. የተማሪውን ርቀት ለመገመት ካርታ ላይ በኮምፓስ ክብ አትሥራ። ተማሪ ከሚልኩላችሁ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የ6ኛ፣ 7ኛና 8ኛ ክፍል መዝገብ ወስደህ ተማሪውን በሰፈር ለይ፤ ስንቱ ከደቻቱ በየትኛው ወገን እንደሚኖር ቁጠር። ካርታው ላይ 800 ሜትር የሚመስለው በድልድይ ሲዞር 2 ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ በልግ ነው፣ ትምህርት እያለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል።

3. ስፋት። 24 ክፍል በ40 ተማሪ 960 ልጅ ነው። ሙሉ የኳስ ሜዳ ብቻውን 105 በ68፣ ማለትም 7,140 ካሬ ይበላል፤ «አንድ ሄክታር ይበቃል» የሚልህ ይህን አላሰላም። ቅርፁንም እይ። የመማሪያ ሕንፃው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ መስኮቱ ሰሜንና ደቡብ ማየት አለበት፤ በከሰዓት ፈረቃ ወደ ምዕራብ የሚያይ ክፍል ዳቦ ቤት ነው። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን ጥላው በሁለቱም ወገን ይሠራ። የኳስ ሜዳው ግን ተቃራኒውን፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ መዘርጋትን ይፈልጋል። ጠባብ ቦታ ላይ ሁለቱ ይጣላሉ።

ተራ ቁጥሩ እዚህ ላይ ይብቃ፣ የቀረው የተያያዘ ነው። አፈሩን ለማየት ወንዝ ዳሩ ሜዳ ላይ አምስት ጉድጓድ፣ አራቱን ጥግ ላይ አንዱን መሃል፣ እስከ 3 ሜትር ድረስ አስቆፍር። አሸዋ ስለሚናድ ድጋፍ ሳይደረግ ሰው አይግባ። ፌስታልና የጡብ ስባሪ ከወጣ ሙሌት ነው፤ ሕንፃው ግማሹ ሙሌት፣ ግማሹ ድንጋይ ላይ ካረፈ ይሰነጠቃል። ድንጋያማው ቦታ ቁፋሮው ያስከፍላል፣ መሠረቱ ግን ያስተማምናል። ችግሩ ውሃ ነው፦ ለአንድ ልጅ በቀን 5 ሊትር ብታስብ 4,800 ሊትር፣ መጸዳጃ ቤት የሚደፋው ሳይጨመር። መስመሩ ሦስት ቀን ቢቋረጥ ሁለት ባለ10,000 ሊትር ሮቶ ያስፈልጋል። የድሬ ውሃ ኖራ ስለሚያስቀምጥ ቀጭን ቱቦ አትፍቀድ። ለ25 ሴት ልጆች አንድ መቀመጫ ብትይዝ፣ ግማሹ ሴት ከሆነ 20 መቀመጫ ነው፤ የሴፕቲክ ጉድጓዱ ቦታም አብሮ ይታሰብ።

«ነፃ ነው» የሚለው ደብዳቤ ደግሞ መሬቱን ነፃ አያደርገውም። የመሬት ቢሮው መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ «ነገ ና» እያለ ሦስት ሳምንት ሊያመላልስህ ይችላል፤ ቢሆንም የወሰን ችካሎቹን ነጥብ በቁጥር አስጽፈህ ውሰድ። የሚያርስበት ወይም ከብት የሚያሰማራበት ሰው ካለ፣ በአዋጅ 1161/2011 ከነማሻሻያው መሠረት የካሳው ግምት አሁን ይሠራ። ግሬደር ከገባ በኋላ የሚመጣ ባለይዞታ ሥራውን ለዓመት ያቆመዋል።

እኔ ብሆን ድንጋያማውን እይዝ ነበር፣ ተማሪው በዚያው ወገን ካለ። ብዙኃኑ ሜዳውን ከመረጠ ግን የለካኸው የጎርፍ ከፍታ በሜትር ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር፣ ተቃውሞህም ከነስምህ።