ክሮምን ደጋግመህ ብትጭነውም አልለቅ ያለህ ነገር

«ጉግል ላይ ስፈልግ የማላውቀው ገጽ ይከፈታል፤ ያልጫንኩት ኤክስቴንሽን (ክሮም ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ገብቷል፣ ማጥፊያው አይሠራም፤ ክሮምን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ብጭነውም ያው ነው» ላልከኝ ወንድሜ። ከሁሉም በፊት በዚያ ላፕቶፕ ፓስወርድ እንዳትቀይር። ባንክም እንዳትከፍትበት።

«ማጥፊያው አይሠራም» ስትል ነው የጠረጠርኩት። ክሮም ላይ ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንካ። ታች «ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን» የሚል አለ? የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነ ደንብ ነው፣ አትንካው። የግልህ ከሆነ ግን የምን ድርጅት ነው የሚያስተዳድርህ?

ይቺን ሳላስረዳ አላልፍም። ፖሊሲ የሚባለው ነገር የተሠራው ለድርጅቶች ነው፤ አንድ ባንክ በሺህ ኮምፒውተር ላይ አንድ ኤክስቴንሽን በግድ ይጭናል፣ ሠራተኛው እንዳያጠፋው ይቆልፈዋል። ትእዛዙ የሚቀመጠው ክሮም ውስጥ ሳይሆን ዊንዶውስ ሬጂስትሪ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ቅንብሮቹን በሚያስቀምጥበት መዝገብ ውስጥ ነው። ክሮም ሲነሳ ያነበዋል፣ ይታዘዛል። ሌባውም በዚችው በር ነው የገባው። አንተ ሦስት ጊዜ ተከራዩን አስወጥተህ ሌላ አስገባህ፤ የአከራዩ ሕግ ግን ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ነው።

ዊንዶውሱን ፎርማት ያደረገልህ ልጅ ኦፊሱን ከፍላሽ በክራክ (ሳይገዙ ፕሮግራም በሚከፍት መስበሪያ) ጭኗል ብለሃል። ክራኩ እንዲያልፍለት ዲፌንደርን፣ የዊንዶውሱን የራሱን አንቲቫይረስ፣ አጥፍቶት ይሆናል፣ ስንቱን አይቻለሁ! ከዚያ ደግሞ ሁለት ነፃ አንቲቫይረስ ደራርቦ ላፕቶፑን ኤሊ አደረገው። እሱ ጥገና ነው?

በል፣ ኢንተርኔቱን አጥፋ። የተጫኑትን ፕሮግራሞች በቀን ደርድርና ክራኩን፣ ሁለቱን አንቲቫይረስና የማታውቀውን ሁሉ አውጣ። ሬጂስትሪ ኤዲተር ውስጥ ሎካል ማሽን፣ ሶፍትዌር፣ ፖሊሲስ፣ ጉግል ድረስ ግባ። መጀመሪያ ኤክስፖርት አድርገህ አስቀምጥ፤ ከዚያ «ክሮም» የሚለውን ፎልደር ሰርዝ። ከረንት ዩዘር ስርም ካለ እንዲሁ። ሪስታርት አድርገህ ኤክስቴንሽኑን አጥፋው፣ አሁን እሺ ይላል። ቀጥሎ ዲፌንደርን መልሰህ አብራ፣ ኢንተርኔት ከፍተህ አፕዴት አድርገውና «ኦፍላይን ስካን» በለው። ራሱ ሪስታርት አድርጎ ሩብ ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። የሰረዝከው ፎልደር በማግስቱ ተመልሶ ካገኘኸው አትልፋ፤ ሰነድህን ብቻ ቅዳና ከማይክሮሶፍት በወረደ ንጹሕ ዊንዶውስ ፎርማት አድርገው።

ፓስወርዱስ? ከስልክህ። ደግሜ ልበልህ፣ ላፕቶፑ ሳይጸዳ እዚያ ላይ አዲስ ፓስወርድ ብትጽፍ እጃቸው ላይ ማስቀመጥ ነው። ከኢሜይልህ ጀምር፣ ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ የሚለውንም ተጫን፤ የገባህበትን ኩኪ (መግባትህን ለድረ ገጹ የሚያስታውሰውን ትንሽ መረጃ) ከወሰዱት ያለ ፓስወርድም ይገባሉ።

ፍላሹን ለልጁ መልስለት።