መኃልየ መኃልይን ለምን እናፍርበታለን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን አለን። መኃልየ መኃልይ ላይ ስንደርስ አስጠኚያችን «ይሄ ስለ እግዚአብሔርና ስለ ሕዝቡ ነው» ብለው ቶሎ አለፉት። ቤት ገብቼ ሳነበው ግን መሳም አለ፣ ጡት አለ፣ በሌሊት ፍቅረኛዋን ፍለጋ ከተማ የምትዞር ሴት አለች። ጸሎት የለ፣ ሕግ የለ፣ መሥዋዕት የለ። እውነት ስለ እግዚአብሔር ነው? ወይስ ስለምናፍር ነው እንደዚያ የምንለው?
*ወጣት አንባቢ፣ ከአዳማ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዓይንህን እመነው። ያነበብከው የፍቅር ግጥም ነው። ሁለት ሰዎች ይናፈቃሉ፣ ይፈላለጋሉ፣ አንዱ የሌላውን ገላ ከራስ እስከ እግር ያወድሳል፤ ደግሞ አብዛኛውን የምትናገረው እሷ ናት። ይህንን ሳያዩ ወደ ትርጓሜው የሚሮጡ ሰዎች ትርጓሜውንም ያከስሩታል ባይ ነኝ።

ግን ትርጓሜው ከእፍረት የመጣ አይደለም። እስራኤላውያን እግዚአብሔርን እንደ ሙሽራ ማሰብ የጀመሩት ይህን መጽሐፍ ሲያነቡ ደንግጠው ሳይሆን፣ ነቢያቱ ራሳቸው እንደዚያ ብለው ስላስተማሯቸው ነው። ኤርምያስ ምዕራፍ 2ን ክፈት፤ እግዚአብሔር ኢየሩሳሌምን የታጨሽበትን ፍቅር፣ ዘር ባልተዘራበት ምድረ በዳ የተከተልሽኝን አስታውሳለሁ ይላታል። እስቲ አስበው፣ ከግብፅ የወጡበትን ዘመን እኛ የምናውቀው በማጉረምረምና በወርቅ ጥጃ ነው፤ እሱ ግን የጫጉላ ጊዜ አድርጎ ያስታውሰዋል። ኢሳይያስ 62 ላይ ደግሞ «የተተወች» ትባል የነበረችው ከተማ ሙሽራ በሙሽራይቱ ደስ እንደሚለው አምላክሽ በአንቺ ደስ ይለዋል ተብላለች። እንዲህ ሲባል የሰማ ሕዝብ መኃልየ መኃልይን ሲያነብ እግዚአብሔርን ቢያይበት ምን ይገርማል?

በአይሁድ ዘንድ መጽሐፉ የፋሲካ ንባብ ነው፤ በብዙ ምኩራቦች በበዓሉ ሳምንት ሰንበት ላይ ይነበባል። ከግብፅ መውጣትና የፍቅር ዘፈን አንድ ላይ! ለእነሱ ግን የተለያዩ ነገሮች አይደሉም። በ2ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የኖረው የአይሁድ መምህር ረቢ አቂባ መጻሕፍት ሁሉ ቅዱሳን ናቸው፣ መኃልየ መኃልይ ግን ቅድስተ ቅዱሳን ነው ብሏል። ይኸው ሰው መጽሐፉን በግብዣ ቤት እንደ ተራ ዘፈን የሚያንጎራጉሩትን አጥብቆ ተቆጥቷል። ይህ የሚነግረን ነገር አለ፤ በዚያ ዘመንም ሰው ግጥሙን ለፍቅር ዘፈንነት ይወደው ነበር ማለት ነው። የኛም አባቶች አልፈሩትም። በግዕዝ የዳዊት መጽሐፍ ውስጥ ከመዝሙሩና ከነቢያት ጸሎት ቀጥሎ መኃልየ መኃልይ አብሮ ይጻፋል፤ ዳዊት የሚደግም ሰው እነዚያኑ ቃላት እየጸለየባቸው ነው።

አሁን ምዕራፍ 5ን አንብብልኝ፣ ቀስ ብለህ። ውዷ በሌሊት መጥቶ በር ያንኳኳል፤ ፀጉሩ በጠል ረጥቧል። እሷ ግን ልብሷን አውልቃ፣ እግሯን ታጥባ ተኝታለች። ደግሞ ልለብስ ነው? እግሬንስ ደግሞ ላቆሽሽ ነው? ትላለች። የማትወደው ሆና አይደለም፤ ልቧ ነቅቷል። ተመችቷት ነው። ተነሥታ ስትከፍት እሱ የለም። ትጣራለች፣ አይመልስላትም፤ ከተማ ስትዞር ጠባቂዎች ያገኟትና ይመቷታል። እኔ ስለ ጸሎት ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል እውነት የሆነብኝ ጥቂት ነው። እግዚአብሔር የቀረበበት ሰዓት አለ፤ እኛ ግን ነገ እንላለን። በኋላ ስንፈልገው ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ የሚሰማን ነገር ልክ እንደዚያች ሴት ነው። ይህን ግን የምታገኘው ሴቲቱን እንደ ሴት፣ ሌሊቱን እንደ ሌሊት አድርገህ ካየህ ብቻ ነው። «በሩ እንዲህ ማለት ነው፣ ጠሉ እንዲያ ማለት ነው» እያልክ ከጀመርክ ናፍቆቱ ያመልጥሃል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከሌላ ሴት ጋር ይሄዳል፤ መደበቁንም ትቶታል። ሽማግሌዎች «ነቢዩ ሆሴዕ የከዳችውን ሚስቱን ጎሜርን እንደታገሠ አንቺም ታገሺ፣ የእግዚአብሔር ፍቅር እንዲህ ነው» ይሉኛል። እኔ ደክሞኛል። እግዚአብሔር ይህን ይጠብቅብኛል?
*ስሜ ይቅር*

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ድካምሽ የእምነት ማነስ አይደለም።

ሆሴዕ በሰሜኑ የእስራኤል መንግሥት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዘመን ነበር። ሕዝቡ ዝናቡንና እህሉን የሚሰጠን በኣል ነው ብሎ ወደ ጣዖት በሄደበት ጊዜ እግዚአብሔር የነቢዩን ትዳር ምልክት አደረገው። የምልክቱ ጉዳይ የእግዚአብሔር ሕመም ነው። የተከዳ ባል እንደሚታመም ታመመ፣ ተቆጣ፣ ያም ሆኖ ወደ ምድረ በዳ ወስጄ ልቧን በሚነካ ቃል አናግራታለሁ አለ። ለዘላለም አጭሻለሁ የሚለውም እዚያው ምዕራፍ 2 ላይ ነው፤ እስከ ዛሬ አይሁድ በጠዋት ጸሎት የተፊሊኑን (የመጽሐፍ ቃል የያዘ፣ በክንድና በግንባር የሚታሰር ትንሽ የቆዳ ሳጥን) ጠፍር ጣታቸው ላይ ሲጠመጥሙ ይህንኑ ይላሉ። መጽሐፉ ስለ እግዚአብሔር እየነገረን ነው እንጂ ለተበደለች ሚስት የተጻፈ መመሪያ አይደለም። ምልክቱን ገልብጦ በአንቺ ላይ መጫን ልክ አይደለም፣ በጣም ልክ አይደለም።

እንዲያውም ምዕራፍ 3ን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ሆሴዕ በ15 ሰቅል ብርና በገብስ ሴቲቱን መልሶ ይወስዳታል፤ ወዲያው ግን ከእንግዲህ ለሌላ ሰው አትሆኚም ይላታል። ክህደቱ እየቀጠለ ዝም በል አልተባለም። ደግሞ በዚያ ዘመን አቅሙም፣ ገንዘቡም፣ የመፍታት መብቱም የሱ ነበር። አንቺ ጋ ያለው ሌላ ነው።

እዚያው ሆሴዕ 2 ላይና ሕዝቅኤል 16 ላይ ባል ሚስቱን በአደባባይ ሲያዋርድ የሚያሳዩ ከባድ ቃላት እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔም ሳነባቸው ይከብዱኛል። የተነገሩት ለከተማና ለሕዝብ ነው። በነሱ ሚስቱን የሚያስፈራራ ባል ካለ ራሱን በእግዚአብሔር ቦታ አስቀምጧል።

ለሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ ባለቤቴንስ ምን አላችሁት? መልስ ከሌላቸው የንስሐ አባትሽን ለብቻቸው አነጋግሪ፣ የሕግ ምክር የሚሰጥ ሰውም ፈልጊ፤ ጤናሽንም ተመርመሪ። እጁን የሚያነሳብሽ ከሆነ ግን ሽምግልናውን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ የምታምኚያቸው ዘመዶች ጋ ሂጂ።