መፈክሩን ቀንሱ፣ ማንኪያውን አምጡ

ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የክበብ አባላት፦

የዓለም የሕፃናት ቀን ኅዳር 11 ነው። የሕፃናት መብቶች ስምምነት የጸደቀው በዚያ ዕለት፣ በ1982 ዓ.ም. ነው። በየትምህርት ቤቱ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ በሰልፍ ላይ ረጅም ንግግር፣ አንድ ግጥም፣ ረሃቡም ጦርነቱም የጉልበት ብዝበዛውም በአንድ ትንፋሽ። ተማሪው አጨብጭቦ ክፍሉ ይገባል፤ በምሳ ሰዓት ምን ሰማህ ቢሉት አያውቀውም። አንድ ችግር ብቻ ምረጡ፤ ሰሚው ቤቱ ገብቶ በእጁ የሚሠራው ነገር ያለበት ይሁን።

እኔን ብትጠይቁኝ ተቅማጥ ይሁን እላለሁ። በዓለም ላይ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ከ400 ሺህ በላይ ሕፃናት በየዓመቱ ይሞቱበታል። የሰውነት ፈሳሽ ሲያልቅ የሚተካው ግን ውሃ፣ ስኳርና ጨው ነው።

ባንግላዴሽ ውስጥ ብራክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶችን እያንኳኳ ይህንኑ ለእናቶች አስተምሯል። የሠራተኞቹ ክፍያ የሚወሰነው ቤት በመቁጠር አልነበረም፤ ቆይቶ ሌላ ሰው ሄዶ ሲጠይቅ እናቲቱ ባስታወሰችው ልክ ነበር። እንዲያም ሆኖ መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ እናቶች እያወቁ አይጠቀሙበትም ነበር። አንዱ ምክንያት ባሎቻቸው አለመስማታቸው ነበር፤ በኋላ ወንዶቹን በገበያና በመስጊድ አናገሯቸው። እናንተም እናቶችን ብቻ አትጥሩ።

በሠርቶ ማሳያው ላይ መጀመሪያ የኦ አር ኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ፣ የሰውነት ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት) ከረጢቱን አሳዩ። ብዙውን ጊዜ አንዱ ከረጢት ለ1 ሊትር ነው፤ ግን ለግማሽ ሊትርና ከዚያም ላነሰ የተዘጋጀ ስላለ ጽሑፉን አስነብቡ። ከረጢቱን በስኒ እየቆነጠሩ መበጥበጥ የተለመደ ስሕተት ነው። ከረጢት ከጠፋ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው ልሙጥ እንጂ ክምር አይሁን። ጨው ከበዛ ሕፃኑን እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳል፤ ስኳር ከበዛ ተቅማጡን ያባብሰዋል። በሃይላንድ ፕላስቲክ ስትለኩ ተጠንቀቁ፤ ግማሽ ሊትሩም ባለ 2 ሊትሩም ከዓይን ሲያዩት ያሳስታል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ።

ለሕፃኑ በማንኪያ ቀስ እያሉ ነው መስጠት። ካስታወከ 10 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና። ጡት አይቋረጥ። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ከደነዘዘ ወይም ሰገራው ደም ካለበት ግን ቀጥታ ጤና ጣቢያ ነው፤ ይህን ሳትናገሩ አትበተኑ። ከዝግጅቱ በፊት የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋብዛችሁ ልኬታችሁን አስፈትሹ፤ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ስለሚሰጠው የዚንክ እንክብልም እሷ ትናገር።

የከሱ፣ የሚያለቅሱ ልጆችን ፎቶ አትለጥፉ። ልጁ ወይም ወላጁ ፈቅዶ አልተነሣም፤ ተመልካቹም አዝኖ ከማለፍ በቀር የሚሠራው የለውም።

ጊዜውም ተመችቷችኋል። በማግስቱ ኅዳር 12 ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ጠርጎ ሲያጥን ሰው ደጁ ላይ ይገኛል። ማንኪያና ጆግ ይዛችሁ ውጡ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ያስተማራችኋቸውን 10 ቤቶች ዞራችሁ «በጥብጠው አሳዩን» በሉ፤ «ታስታውሳላችሁ ወይ» አትበሉ፣ ሁሉም አዎ ይላል። ግማሾቹ ጨዉን ከሳቱ ለሚቀጥለው ዙር ንግግሩን አሳጥሩና ሰዎቹ ራሳቸው እንዲለኩ አድርጉ።