የካራኦኬ ጨዋታ ድምፅ ለምን ይዘገያል? የዘፋኙስ ድምፅ እንዴት ይወጣል? (ጎንደር ላሉ ሰዎች)

እህት ዓለም፣ ጥያቄሽን ሳነብ የእኔን ሳሎን የምታወሪ መሰለኝ። ላፕቶፑ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተያይዟል፣ አልትራስታር ዴሉክስ የሚባለው፣ ዘፈኑን ሰምቶ ነጥብ የሚሰጠው የካራኦኬ ጨዋታ ተጭኗል፣ ሙዚቃው በብሉቱዝ ስፒከር ይወጣል። ልጆቹ በወጉ እየዘፈኑ ጨዋታው ነጥብ ይነፍጋቸዋል። የዘፋኙን ድምፅ ላጥፋ ስትዪ ደግሞ ሙዚቃው የባዶ ቆርቆሮ ድምፅ ሆነብሽ። ባለሱቁም «ማይክራፎንሽ አይረባም፣ ሌላ ግዢ» አለሽ። እባክሽ አትግዢ። እዚሁ ጎንደር ተቀምጬ በዚህ ጉዳይ ገንዘቤንም እንቅልፌንም ያጣሁ ሰው ነኝ፤ የምጽፍልሽን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

1. መጀመሪያ ብሉቱዙን አጥፊና ስፒከሩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኚ። ድምፅ በብሉቱዝ ሲሄድ ይታመቃል፣ ይላካል፣ ተጠራቅሞ ይፈታል። በተለመዱት ስፒከሮች ይህ ሁሉ ከ150 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን አንዱ ምት 500 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ፣ ሙዚቃው ልጅሽ ጆሮ የሚደርሰው እስከ ግማሽ ምት ዘግይቶ ነው። እሷ በሰማችው ልክ ትዘፍናለች፤ ጨዋታው ግን ያንን ቃል አልፎት ሄዷል። ልጅቷ አልተሳሳተችም፣ ማይክራፎኑም አልተበላሸም።

2. ማይክራፎኑ በዩኤስቢ ገመድ የሚሰካ ይሁን። እኔን ያቃጠሉኝ እዚህ ላይ ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቼ የምፈልገውን ነገርሁት። ሆዱ ውስጥ ስፒከር ያለው፣ በብሉቱዝ የሚሠራ፣ ወርቃማ ቀለም የተቀባ ማይክራፎን አወጣልኝ። ከመክፈሌ በፊት «ላፕቶፕ ላይ ላለ ጨዋታ ድምፅ ያስገባል ወይ?» ብዬ ለይቼ ጠየቅሁት። «ለካራኦኬ የተሠራ ነው፤ ሌላ ምን ልበልህ?» አለኝ። ቤት ወስጄ ሳገናኘው ላፕቶፑ የሚያውቀው በስፒከርነቱ ብቻ ሆነ። የዘፋኙ ድምፅ በማይክራፎኑ አፍ ገብቶ እዚያው ሆዱ ውስጥ ካለው ስፒከር ይወጣል እንጂ ወደ ኮምፒውተሩ ምንም አይደርስም። ጨዋታው ሲያዳምጥ የነበረው የላፕቶፑን የራሱን ትንሽ ማይክራፎን ነው፤ እሱ ደግሞ የሚሰማው ከልጆቹ ይልቅ ሙዚቃውን ነው።

ላፕቶፑን ተሸክሜ ተመልሼ ላሳየው ስል ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት በጣቱ አመለከተኝና ለሌላ ደንበኛ የስልክ ሽፋን መምረጡን ቀጠለ። ያናደደኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። በሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር ተከፍቶ ነበር፤ ከመሸጡ በፊት ለአፍታ አገናኝቶ ቢሞክረው እውነቱ ይታይ ነበር። የሚሸጠውን ዕቃ አስነሥቶ ማሳየት የሻጭ ሥራ ነው፤ ለደንበኛ የሚደረግ ውለታ አይደለም። አንቺ ላፕቶፕሽን ይዘሽ ሂጂ። በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ማይክራፎኑ ከመቅጃዎቹ ጋር በስሙ ካልተዘረዘረ፣ ስትናገሪበትም መለኪያው ካልተንቀሳቀሰ፣ ሻጩ የፈለገውን ቢል ገንዘብሽን አታውጪ።

3. መዘግየቱን በጆሮ አትገምቺ፣ ለኪው። ኦዳሲቲ የሚባለውን ነፃ የድምፅ መቅጃና ማስተካከያ ፕሮግራም ክፈቺ፤ መዘግየትን በራሱ የሚያካክስበት ቁጥር ስላለው መጀመሪያ እሱን ዜሮ አድርጊው፤ አለበለዚያ ውጤቱ ያታልልሻል። ከዚያ ቀጭ ቀጭ የሚል የምት ድምፅ ፍጠሪና እያጫወትሽ በማይክራፎንሽ መልሰሽ ቅጂው። ማይክራፎኑን ልጆቹ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ያዢው። ሁለቱ መስመሮች አንዱ ከሌላው በታች ይሰለፋሉ፤ በላይኛው ጫፍና በታችኛው ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት መዘግየትሽ ነው። እኔ ቤት በብሉቱዝ ከ200 በላይ የነበረው በገመድ ወደ 60 ሚሊ ሰከንድ ወረደ። የአልትራስታር አዳዲስ እትሞች የማይክራፎን መዘግየት የሚሞላበት ቦታ አላቸው፤ ከለካሽው ቁጥር ተነሥተሽ እዚያ እየሞከርሽ አስተካክይ። ቴሌቪዥኑንም «ጌም ሞድ» ላይ አድርጊው፤ ምስል ለማሳመር የሚያባክነውን ጊዜ ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ስታበቂ የሚዘገየው ሁሉም ዘፈን ነው ወይስ አንዱ? ሁሉም ከሆነ ችግሩ አሁንም ዕቃው ላይ ነው። አንድ ዘፈን ብቻ ከሆነ የዘፈኑን የጽሑፍ ፋይል ክፈቺና «ጋፕ» የሚለውን ቁጥር እዪ። ከመጀመሪያው ቃል በፊት የሚያልፈው ጊዜ ነው፤ በሚሊ ሰከንድ ይጻፋል። ቃሉ ከዘፋኙ ቀድሞ ከመጣ ቁጥሩን ጨምሪ፣ ከዘገየ ቀንሺ። ሲጀምር ልክ ሆኖ እየቆየ የሚሸሽ ከሆነ ግን ጋፕን አትንኪው፤ የምቱ ፍጥነት ቁጥር ተሳስቷል፣ ወይም ያለሽ ቅጂ ፋይሉ የተሠራበት ቅጂ አይደለም።

4. ወደ ቆርቆሮው እንምጣ። አንቺ የተጠቀምሽበት ዘዴ የግራውን ድምፅ ከቀኙ የሚቀንስ ነው። ዘፋኙ ብዙውን ጊዜ መሐል ላይ ስለሚቀዳ ይጠፋል፤ ግን ቤዙም ከበሮውም መሐል ላይ ናቸውና አብረው ይሄዳሉ። የዘፋኙ ማስተጋቢያ ደግሞ ወደ ግራና ቀኝ የተበተነ ስለሆነ አይጠፋም፤ ከሩቅ የሚሰማሽ ጥላ ድምፅ እሱ ነው። በአንድ ቻናል በተቀዳ የድሮ የሸክላ ዘፈን ላይ ከሞከርሽውማ ግራና ቀኙ አንድ ስለሆነ ጭራሽ ጸጥ ይላል። ይህንን ዘዴ «በስቱዲዮ እናወጣልሻለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰው ካለ አትስሚው።

አሁን ድምፅን ከመሣሪያ መለየት የተማሩ ፕሮግራሞች በነፃ አሉ። ዲዘር የሚባለው የሙዚቃ ማዳመጫ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ስፕሊተርን ለቀቀ፤ ከፌስቡክ ተመራማሪዎች ደግሞ ዲሙክስ አለ። ትእዛዝ መጻፍ ካልፈለግሽ አልቲሜት ቮካል ሪሙቨር የሚባለው በመስኮት ይሠራል። ሞዴሎቹን (ፕሮግራሙ ድምፅ የሚለይባቸውን ፋይሎች) አንዴ ካወረድሽ ኢንተርኔት አይጠይቅሽም። ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ግን ይንቀረፈፋል፤ ስለዚህ ብዙ ዘፈን በአንድ ጊዜ አትስጪው፤ መብራት ከሄደና ባትሪው ካለቀ ያልተጨረሰውን እንደገና ማስጀመር ነው።

እነዚህ ፕሮግራሞች የእኛን ሙዚቃ እምብዛም አያውቁትም። ማሲንቆ አንድ ጭራ ያለውና እንደ ሰው ጉሮሮ የሚያንጎራጉር ስለሆነ፣ በዚያ ላይ አዝማሪው የዘፈነውን እግር በእግር እየተከተለ ስለሚሄድ፣ ድምፅ ነው ብለው ከዘፋኙ ጋር ይወስዱታል። የተቀባዮቹ ድምፅ ከዘፋኙ ጋር ይጠፋል፤ እልልታውም ተቆራርጦ ይቀራል። በእኛ አገር ዘፈን ተቀባይ ከሌለ ምን ቀረ? ከብዙ ልፋት በኋላ ያገኘሁትን መላ ልንገርሽ። ፕሮግራሙ ሁለት ፋይል ይሰጥሻል፤ አንዱ ሙዚቃው፣ ሌላው የወጣው ድምፅ። የወጣውን አትሰርዢ። ሁለቱንም በኦዳሲቲ እኩል አስነሥተሽ አስቀምጪና ከድምፁ ፋይል ዘፋኙ የሚዘፍንበትን ብቻ ጸጥ አድርጊ፤ ማሲንቆው ብቻውን የሚጫወትበትንና ተቀባዮቹ የሚመልሱበትን ተዪው። ሁለቱ ሲደመሩ ማሲንቆው ብቻውን በሚጫወትበት ቦታ ሙሉ ሆኖ ይመለሳል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ግን በዚህ መንገድ ያዘጋጀሁትን የሰሙ ጎረቤቶቼ የት ስቱዲዮ እንዳሠራሁት ጠይቀውኛል፤ ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅሽም።

የተሠራውን በዌቭ ወይም በኦግ የድምፅ ፋይል ዓይነት አስቀምጪው። እንደገና ወደ ኤምፒ3 ከቀየርሽው መነሻው ላይ ጥቂት ባዶ ይጨመርበታል፤ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 50 ሚሊ ሰከንድ ነው። መግቢያውንም አትቁረጪ። ቃላቱን በፊደላችን የምትጽፊ ከሆነ የጽሑፍ ፋይሉን የእኛን ፊደል በሚይዘው አጻጻፍ፣ በዩቲኤፍ-8 አስቀምጪ። ጋፕን የምታስተካክዪው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አስቀድመሽ ካስተካከልሽ ሁለት ጊዜ ትለፊያለሽ።

ነጥቡ አሁንም አነስተኛ ከሆነ ደረጃውን ወደ ቀላሉ አውርጂው። ጨዋታው በቀላሉ ደረጃ እስከ ሁለት ግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ስሕተት ይታገሣል፣ በመካከለኛው አንድ፣ በከባዱ ምንም። በትዝታም በአምባሰልም ቅላጼ የሚያበዛ ዘፋኝ በከባዱ ደረጃ ማሸነፍ ይከብደዋል፤ ድምፁ በአንድ ቃል ላይ ስንት ቦታ ይረግጣል። ስለ ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ግን አትጨነቂ፤ ጨዋታው ኦክታቭ (ያው ኖታ ወፍሮ ወይም ቀጥኖ መዘፈኑን) አይቆጥርም። ወንድምሽ ወርዶ ቢዘፍንም፣ ልጅሽ ወጥታ ብትዘፍንም ያው ነጥብ ነው። የጽሑፍ ፋይሉን ማስተካከል ካስቸገረሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አይልሻለሁ።