መልስ፦ ኡቡንቱን አውጥቶ ዊንዶውስ 10ን ብቻ ማስቀረት

ወንድሜ፣ ከዊንዶውስ 10 ጎን የጫንከውን ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም) እንዴት ላውጣ ብለህ ለጠየቅከው፦ ፒያሳ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ «ሙሉውን ፎርማት ካላደረግነው ኡቡንቱው አይወጣም» ያለህ ልክ አይደለም። ዊንዶውስህ ሳይነካ ይወጣል፤ ወሳኙ ቅደም ተከተሉ ነው።

ኡቡንቱ ላይ ያለህን ፋይል መጀመሪያ ወደ ፍላሽ አውጣ፤ ዊንዶውስ ያንን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) አያነብልህም። ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ከበራ ባለ 48 አሃዙን የማስመለሻ ቁልፍም ጽፈህ ያዝ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ከፍተህ «ባዮስ ሞድ» (ኮምፒውተሩ የሚነሳበት መንገድ) የሚለውን እይ። ዩኢኤፍአይ (አዲሱ ዓይነት) ከሆነ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብተህ በማስነሻ ቅደም ተከተሉ ላይ ዊንዶውስ ቡት ማናጀርን ከኡቡንቱ በላይ አድርገውና ሪስታርት ብለህ በቀጥታ ዊንዶውስ መግባቱን አረጋግጥ። ሌጋሲ (የድሮው ዓይነት) ከሆነ ግን በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አስነስተህ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ የቡትሬክን «ፊክስ ኤምቢአር» ትእዛዝ (bootrec /fixmbr) ማስኬድ አለብህ። ይህን ዘሎ ፓርቲሽኑን ያጠፋ ሰው ነው ጥቁር ስክሪን ላይ «ግረብ ሬስኪው» ተጽፎ የሚጠብቀው። የግረብ (የኡቡንቱ ማስነሻ) ፋይሎች ያሉት እዚያው ኡቡንቱ ውስጥ ነዋ!

አሁን ዲስክ ማኔጅመንት ግባ። ፊደል የሌለውን፣ የፋይል ሲስተም ቦታው ባዶ የሆነውን ትልቁን ክፍል ዲሊት ቮልዩም በለው። 100 ሜጋባይት አካባቢ የሆነችውን፣ ዊንዶውስን የምታስነሳውን የኢኤፍአይ ክፍልና ሪከቨሪን (የዊንዶውስ መጠገኛ ክፍል) እንዳትነካ። ባዶውን ቦታ ወደ ሲ ድራይቭ ልትጨምር ስትል ኤክስቴንድ ቮልዩም ደብዝዞ እምቢ ካለህ መሃል ላይ ሪከቨሪ ገብቷል ማለት ነው፤ አትታገለው፣ ባዶውን ቦታ ዲ ድራይቭ አድርገው። ባትሪህ የደከመ ከሆነ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትጀምር።

የዊንዶውስ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደኋላ እየቀረ አስቸግሮህ ከነበረም ምክንያቱ ኡቡንቱ ነው፤ አሁን ሰዓቱን አንዴ ከኢንተርኔት ሲንክ አድርገው።