ከአጥር ዳር የቀጠፍኩት አበባ ሌባ ያሰኘኛል?

ጥያቄ፦ «ለንደን የምኖር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ሰፈሬ ውስጥ ኤልደርፍላወር የሚባለው ነጭ አበባ በየአጥሩ ፈክቷል። ዩቲዩብ ላይ አይቼ ኮርዲያል ሠራሁበት፤ በውሃ እየተበረዘ የሚጠጣው ጣፋጭ ሽሮፕ ማለቴ ነው። አበባውን የቀጠፍኩት ከሦስት ቦታ ነው። ከባቡር ሐዲዱ አጥር ውጭ ካለው የእግር መንገድ፣ ከካውንስሉ (ከአካባቢው አስተዳደር) ፓርክ፣ እና ከጎረቤት ጓሮ ወደ እኛ ካዘነበለ ቅርንጫፍ። ፓርኩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ‹ይሄ ስርቆት ነው፣ ፖሊስ እጠራለሁ› ብለው ጮኹብኝ። ደንግጬ መቀሴን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ሄድኩ። አሁን ደግሞ አብረውኝ የሚማሩ ልጆች ቀምሰው ስለወደዱት ጠርሙሱን በ6 ፓውንድ ሽጪልን እያሉኝ ነው። ወንጀል ሠርቻለሁ? ቪዛዬስ ላይ ችግር ያመጣል?»

መልስ፦ ልብዎ ይረፍ፤ ሽማግሌው ያሉት ስርቆት የለም። ደብዳቤዎን ሳነብ እኔን ያስደነገጠኝ መጨረሻ ላይ ቀለል አድርገው የጣሏት የ6 ፓውንድ ወሬ ናት። እዚያ እንደርሳለን። መጀመሪያ ወደ ፓርኩ።

በእንግሊዝና በዌልስ ስርቆት የሚዳኘው በ1968ቱ የስርቆት ሕግ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ ውስጥ አንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 3 አለ። በዱር ከበቀለ ተክል ላይ አበባ፣ ፍሬ ወይም ቅጠል የቀጠፈ ሰው፣ መሬቱ የእሱ ባይሆንም፣ የቀጠፈውን ሰረቀ አይባልም ይላል። ቁጥቋጦና ዛፍም ተክል ከሚለው ቃል ውስጥ ስለሚገቡ ኤልደር፣ ማለትም ኤልደርፍላወር የሚያብብበት ቁጥቋጦ፣ ተካቷል። ከዚያ «ካልሆነ በቀር» ትከተላለች፤ ለክፍያ፣ ለሽያጭ ወይም ለሌላ የንግድ ዓላማ ካልሆነ በቀር።

«በዱር» ሲባል ጫካ መግባት የለብዎትም። ሰው ሳይተክለው ራሱ የበቀለ ማለት ነው። ኤልደር ደግሞ የዚህ ዓይነት ነው። ወፎች ፍሬውን ይበላሉ፣ ዘሩን ባረፉበት ይጥሉታል፣ እሱም ካረፈበት ይበቅላል። ከቢሮዬ ጀርባ የቆሻሻ ገንዳዎቹ መሃል አንድ አለ። ማንም አልተከለውም፣ ማንም ውሃ አያጠጣውም፣ ሜይ መጨረሻ ላይ ግን ጓሮውን በሙሉ ያውደዋል። አንድ ምልክት ልንገርዎት፦ ቅጠሉ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ አበባው ደግሞ ሮዝ የሆነ ኤልደር ካዩ እጅዎን ይሰብስቡ። እሱ ለጌጥ የተዳቀለ ዝርያ ነው፤ በአብዛኛው አንድ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የተከለው ነው። የተተከለ ተክል ደግሞ ከላይ ያልኩት ከለላ የለውም።

ሽማግሌው ታዲያ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። ብዙ ካውንስሎች ለፓርኮቻቸው የራሳቸው ደንብ አላቸው፣ ባይሎው የሚሉት። በተለምዶ የሚገለበጠው ቅጂ ያለ በቂ ምክንያት የተክል፣ የቁጥቋጦ ወይም የዛፍ ክፍል ከፓርኩ ማውጣትን ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ 500 ፓውንድ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በስርቆት ባይጠየቁም በደንብ መተላለፍ ሊጠየቁ ይችላሉ። ደንቡ አብዛኛውን ጊዜ በር ላይ ተለጥፏል፣ ማንም የማያነበው ሰሌዳ ላይ። ካልሆነም ካውንስሉን በአጭር ኢሜይል ይጠይቁ። ለግሌ ትንሽ አበባ ብቀጥፍስ ሲባሉ ምንም አይደለም የሚሉ አሉ። እሺ ካሉዎት መልሱን አያጥፉት፤ ስልክዎ ላይ ይቀመጥ። በሚቀጥለው ጊዜ ሽማግሌውን ዝም የሚያሰኘው እሱ ነው።

ሮያል ፓርክ የሚባሉት ጋ ግን ጥያቄም አያስፈልግም። ሃይድ ፓርክ፣ ሪጀንትስ ፓርክ፣ ግሪኒች፣ ሪችመንድ፣ በጠቅላላው ለንደን ውስጥ 8 ናቸው። በ1997 በወጣው ደንባቸው ማንኛውንም ተክል ወይም እንጉዳይ መነካካት ክልክል ነው። እዚያ ሲሄዱ አበባውን አሽትተው ይመለሱ።

የባቡር ሐዲዱን በተመለከተ፣ ከአጥሩ ውጭ በኩል እስከሆኑ ድረስ የሠሩት ጥፋት አይታየኝም። አጥሩን ግን እንዳይሻገሩ። እዚህ አገር የሰው መሬት ላይ ያለ ፈቃድ መግባት በአብዛኛው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ባለቤቱ ውጣ ይልዎታል፣ ይወጣሉ፣ ያልቃል። «የገባ ይከሰሳል» የሚለው ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ማስፈራሪያ ነው። ሐዲድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ1949 በወጣ ሕግ መሠረት መግባቱ ራሱ ወንጀል ነው፣ ቅጣቱም እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል። የሚያሳዝነው ደግሞ ቆንጆ ቆንጆ ኤልደሮች የሚበቅሉት እዚያ ዳገት ላይ መሆናቸው ነው። ቢሆንም ሐዲድ ዳር አረም ማጥፊያ ስለሚረጭ ለመጠጥ የሚሆን አበባ አይመስለኝም።

የጎረቤት ቅርንጫፍ ሰዎች ብዙ የሚሳሳቱበት ነው። «ወደ እኔ ጓሮ ከገባ የእኔ ነው» ይላሉ። አይደለም። በ1894 ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት እንደወሰነው፣ ድንበር ያለፈውን ቅርንጫፍ ጎረቤትን ሳያስጠነቅቁም መቁረጥ ይችላሉ። የተቆረጠው ግን የዛፉ ባለቤት ንብረት ነው። በ1919 ደግሞ አንድ ሰው ወደ እሱ ግቢ ካንጠለጠለ ቅርንጫፍ ፖም ለቅሞ ሸጠ። ጎረቤቱ ከሰሰው፣ ረታውም። አበባም ከፖም የተለየ አይደለም። ወንጀል ሆኖ እስር ቤት ያስገባዎታል እያልኩ አይደለም። ባለቤቱ ቢያውቅ ይፈቅድልኝ ነበር ብሎ ከልቡ ያመነ ሰው በስርቆት ሕጉ አታላይ አይባልም። ግን በፍትሐ ብሔር የሰው ንብረት ወስደዋል። መፍትሔው ደግሞ አንድ ጠርሙስ ነው። ከሠሩት ላይ አንዱን ይዘው በሩን ያንኳኩ፣ «ከአበባዎት ነው የሠራሁት፣ በሚቀጥለው ዓመትም ልቀጥፍ?» ይበሉ። እኔ በዚህ ሁኔታ እምቢ ያለ ጎረቤት አላየሁም።

አቀጣጠፍዎ ላይም ሕግ አለ። በ1971ዱ የንብረት ማውደም ሕግ፣ በዱር የበቀለ ተክል አበባ፣ ፍሬና ቅጠል «ንብረት» አይባልም። ቅርንጫፉ ግን ይባላል። አበባዋን ቀንጥሰው ሲወስዱ ሰላም ነው፤ ከፍ ያለውን ለማውረድ ቅርንጫፍ ከሰበሩ ሌላ ነገር መጣ። ከነሥሩ መንቀል ያለ ባለ መሬቱ ፈቃድ በ1981ዱ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ሕግ ክልክል ነው። ያው ሕግ ሆን ብሎ በአገልግሎት ላይ ያለ የወፍ ጎጆ መጉዳትንም ይከለክላል። ኤልደር የሚያብበው ልክ ወፎች በሚፈለፍሉበት ጊዜ ስለሆነ ከመዘርጋትዎ በፊት ቅጠሉን ገለጥ አድርገው ይዩ።

አሁን ወደ 6 ፓውንዷ።

ለሽያጭ ብለው ከቀጠፉ ያ የአንቀጽ 4 ከለላ ይጠፋል። ያው አበባ፣ ያው አጥር፣ ያው መቀስ፣ ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከሆነ ስርቆት ሊሆን ነው። የሚታየው ሲቀጥፉ የነበረዎት ሐሳብ ነው። ለራስዎ ብለው ቀጥፈው የተረፈውን በኋላ ጓደኛዎ ቢገዛዎት ያ መቀጠፍ ወደ ኋላ ተመልሶ ስርቆት አይሆንም። ሐሳብን ደግሞ ፍርድ ቤት የሚያነበው ከድርጊት ነው። ሀያ አምስት ራስ አበባ በወረቀት ከረጢት የያዘ ሰው አንድ ነው፤ ሦስት ጥቁር ፌስታል ሞልቶ፣ 40 ባዶ ጠርሙስ ያዘዘ ሰው ሌላ ነው።

ለእርስዎ ግን ከዚህ የሚከፋው ቪዛው ነው። የተማሪ ቪዛ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ተቀጥሮ መሥራት ይፈቅዳል። የራስን ሥራ መሥራት ግን አይፈቅድም፣ ንግድም አይፈቅድም። ጠርሙስ መሸጥ ንግድ ነው። ትንሽ ናት፣ ለጓደኛ ናት፣ ትርፍ የላትም የሚለው ክርክር አይመከርም። የቪዛ ሁኔታን መጣስ ቪዛ ሊያሰርዝ ይችላል፣ ለወደፊት ማመልከቻም ይከተልዎታል። ብዙ ተማሪ በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ የሚደርስ የጎን ገቢ ግብር አይከፈልበትም የሚለውን ሰምቶ ይሳሳታል። እሱ የግብር ነገር ነው፤ ኢሚግሬሽን አያውቀውም። ስለዚህ ልጆቹን በነፃ ያጠጧቸው። በምላሹ ምሳ ቢጋብዙዎት ማንም አይጠይቅዎትም። የዋጋ ዝርዝር በዋትስአፕ ግሩፕ መለጠፍ ግን በራስ ላይ ማስረጃ መጻፍ ነው።

እስካሁን ባደረጉት ቪዛዎ ይነካል ወይ ላሉት፣ አይነካም። ክስ የለ፣ ቅጣት የለ። አንድ ቀን የፓርክ ቅጣት እንኳ ቢመጣብዎት አይደብቁት። ዜግነት ሲጠይቁ «መልካም ጠባይ» የሚባል መስፈርት አለ፣ የተፈረደበትን ነገር መደበቅ ከነገሩ በላይ ይጎዳል።

መነገድ የሚያስችል የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁና መሸጥ የምትፈልጉ ሌሎች አንባቢዎች፣ ለእናንተ መንገዱ ክፍት ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ 28 ቀን በፊት ለካውንስላችሁ እንደ ምግብ ሻጭ መመዝገብ ነው፤ በነፃ ነው፣ መከልከልም አይቻልም። አበባውን ከባለ መሬቱ በጽሑፍ ፈቃድ ውሰዱ፣ ወይም ተክሉን ራሳችሁ ትከሉት፤ ቶሎ ያድጋል። ጠርሙሱ ላይ ስምና የተሠራበት ነገር ይጻፍ። እዚህ ላይ አንዲት ወጥመድ አለች። ኮርዲያል ውስጥ ሎሚ ይገባል፤ በጠርሙስ የሚሸጠው የሎሚ ጭማቂ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰልፋይት (እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል) አለበት። ሰልፋይት ደግሞ የግድ መጻፍ ካለባቸው 14 የአለርጂ ምግቦች አንዱ ነው፣ በኪሎ ወይም በሊትር ከ10 ሚሊግራም ካለፈ። ትኩስ ሎሚ ብትጨምቁ ከዚህ ጣጣ ትገላገላላችሁ።

ስሙንም ተጠንቀቁ። በ1993 አንድ አምራች ከአልኮል ነፃ የሆነ «ኤልደርፍላወር ሻምፓኝ» በ2.45 ፓውንድ ይሸጥ ነበር። የፈረንሳይ ሻምፓኝ አምራቾች እንግሊዝ ድረስ መጥተው ከሰሱት። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም ስሙን እንዳይጠቀም አገደው። ማን ነው የ2 ፓውንድ የአበባ ውሃን ከሻምፓኝ የሚያምታታው ብትሉ እኔም ያኔ ብኖር እል ነበር። ዳኞቹ ግን የስሙ ክብር ቀስ በቀስ ይሸረሸራል ብለው ነው የፈረዱት።

ለሰው በነፃ ሲሰጡም ኃላፊነት አለ። የኤልደር ቅጠል፣ ግንድና ያልበሰለ ፍሬ በሰውነት ውስጥ ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚለቅ ንጥረ ነገር አላቸው፤ ያስታውካል፣ ሆድ ያውካል። ስለዚህ አረንጓዴውን ጭራ በደንብ ቆርጠው ይጣሉ። ከዚህ የሚብሰው ተክል ማሳሳት ነው። ሄምሎክ የሚባለው መርዘኛ ተክል አበባው ከሩቅ ይመሳሰላል። ግን እሱ ለስላሳ ግንድ ያለው ዕፅ ነው፣ ግንዱ ላይም ሐምራዊ ነጠብጣብ አለ። ኤልደር እንጨት ያለው ቁጥቋጦ ነው፣ ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። ጥርጣሬ ካለ ይተዉት። ጓደኛ ታምሞ ጥንቃቄ አላደረግሽም ተብሎ ካሳ ቢጠየቅ «በነፃ ነው የሰጠሁት» አያድንም።

ስኮትላንድ ያላችሁ፣ ይህ የስርቆት ሕግ እናንተ ጋ አይሠራም። የራሳችሁ ሕግ ስላላችሁ ለብቻው ጠይቁኝ።

አንድ ነገር ቀረ፤ መቀሱ። ደንግጠው ቦርሳዎ ውስጥ ከተቱት። አሁን የት ነው ያለው? በ1988ቱ የወንጀል ፍትሕ ሕግ ያለ በቂ ምክንያት ስለት ወይም ጫፉ ሹል ዕቃ ይዞ አደባባይ መውጣት እስከ 4 ዓመት እስር የሚያደርስ ወንጀል ነው። ከዚህ የሚቀረው ስለቱ ከ3 ኢንች የማይበልጥ ታጣፊ ሰንጢ ነው። አበባ እየቀጠፉ ሳለ በቂ ምክንያት አለዎት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቦርሳው ቢፈተሽ ግን «ረስቼው ነው» ማለት ብቻውን በቂ አይደለም። ዛሬውኑ አውጥተው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት። ለኤልደር አበባ መቀስ አያስፈልግም፣ ጭራው ለስላሳ ስለሆነ በአውራ ጣት ጥፍር ቀንጠስ ይላል።