«ያጣሁት ነገር የለም፤ ታዲያ ለምን ያንገበግበኛል?»

ጥያቄ፦ የደረጃ እድገት ታገኛለህ ተብዬ ስጠብቅ ቀረ። ደሞዜ ያው የድሮው ነው፤ ከኪሴ የወጣ ነገር የለም። ታዲያ እንደተዘረፈ ሰው የሚያንገበግበኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ በአንጎልዎ ሂሳብ ግን ተወስዶብዎታል። አንጎል የተገኘውን የሚለካው ከተጠበቀው ጋር እያስተያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአንጎል ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልትዝ በጦጣ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን (ከሽልማትና ከጉጉት ጋር የተያያዘ የአንጎል ኬሚካል) የሚያመነጩ ነርቮችን ሲከታተል ይህን በግልጽ አይቷል። ጦጣዋ ምልክቱን አይታ ጭማቂ ስትጠብቅ ጭማቂው ከቀረ፣ ነርቮቹ ልክ መምጣት በነበረበት ቅጽበት ዝም ይላሉ። በአንጻሩ ላተራል ሃቤኑላ የተባለች ትንሽ የአንጎል ክፍል ያን ጊዜ ትነቃለች፤ ዶፓሚኑን ከሚያፍኑት አንዷ እሷ ናት።

ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በ1928፣ ቲንክልፖ የተባለ ተመራማሪ ጦጣ እያየች ሙዝ ደበቀ፤ ከዚያ ሳታየው በሰላጣ ቅጠል ለወጠው። ጦጣዋ መሸፈኛውን አንስታ እጇን ሰደደች፤ ሰላጣውን ሳትነካ ከሥርም ከኋላም ሙዙን ፈለገች። አንዳንዴም ወደ ሰዎቹ ዞራ ትጮህ ነበር። ሰላጣ ጠብቀው ሰላጣ ሲያገኙ ግን ጦጣዎቹ ይበሉታል። እባክዎ ራስዎን «ስግብግብ ነኝ» ብለው አይውቀሱ።

ጥያቄ፦ ስልኬ አልታዘዝ ሲለኝ ስክሪኑን ጠንክሬ እደበድበዋለሁ። ምን ነካኝ?

መልስ፦ የተለመደ ነው። በ1952 አምሰልና ሩሰል የተባሉ ተመራማሪዎች ምግብ የያዙ ሁለት ሣጥኖች ተከታትለው ባሉበት መተላለፊያ አይጦችን አስሮጡ። የመጀመሪያው ሣጥን ባዶ ሆኖ ሲጠብቃቸው ሁለተኛውን መንገድ ከወትሮው ፈጥነው ሮጡት። ብስጭት መጀመሪያ ጉልበት ይጨምራል፤ ተስፋ መቁረጥ የሚመጣው ኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ውጭ የተናደድኩትን ቤት ገብቼ በልጆቼ ላይ እወጣዋለሁ።

መልስ፦ ምግብ ለማግኘት የሚጫኑትን ቁልፍ (በተን) መንቆር የለመደች እርግብ ምግቡ ሲቋረጥባት አጠገቧ ያለችውን ምንም ያላደረገች እርግብ ስታጠቃ በ1966 ታይቷል። ይህ ምክንያቱን ያስረዳል እንጂ ልጆችዎን አይክስም። ከመግባትዎ በፊት ንዴቱ እስኪበርድ በእግርዎ ዞር ዞር ይበሉ፤ ከጮሁባቸውም ይቅርታ ይጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ልጄ ሲያለቅስ ስልክ መስጠት አቆምኩ። ጩኸቱ ግን ባሰበት። ተሳሳትኩ?

መልስ፦ አልተሳሳቱም፤ ያስለመዱት ነገር ሲቋረጥ ከመጥፋቱ በፊት እንዲህ ይገነፍላል። በጣም የምፈራልዎት ግን አንድ ነገር አለ። በአምስተኛው ቀን ደክሞዎት ቢሰጡት፣ ልጁ የሚማረው ረጅም ጩኸት እንደሚያዋጣ ነው። አንዴ ተሰጥቶ አንዴ የሚከለከል ነገር ሁልጊዜ ከሚሰጠው ይልቅ ለመተው ይከብዳል። ስለዚህ ባለቤትዎም አያቱም ከእርስዎ ጋር አንድ ቃል ይሁኑ። ዛሬ አቅም የለኝም ካሉ ደግሞ፣ ገና ሳያለቅስ ይስጡት።